ማግኔቱን ከማንሳታችሁ በፊት ሰዓቱን ጻፉ

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ሕክምና የምትማሩ አንዳንዶቻችሁ «አንጎልን በማግኔት እያነቃቃን የሆርሞንን ሥርዓት ብናጠናስ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ዕድሜዬን በእንቅርትና በስኳር ሕሙማን መካከል ስለፈጀሁ ጥያቄው ልቤን ነካኝ።

መሣሪያው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዟ ሼፊልድ ያሳዩት ነው። ጥቅል የመዳብ ሽቦ ራስ ላይ ይደገፋል፤ ከሺኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፣ ቦታው ከተገኘ፣ የተቃራኒው እጅ አውራ ጣት ሳይታዘዝ ዘለል ይላል። የኃይሉን ልክ የምታገኙት በዚያችው ጣት ነው።

ችግሩ ግን የተለመደው ሽቦ ኃይሉ ወደ ውስጥ ጠልቆ ቢደርስ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሆርሞኖች አዛዥ የሆነው የአንጎል ክፍል ሃይፖታላመስ ደግሞ ከአንጎል ሥር ጠልቆ ተቀምጧል። ስለዚህ የምትነኩት በግንባር በኩል ያለውን ክፍል ነው። መልእክቱ ከዚያ ወደ ሃይፖታላመስ፣ ከሥሩ ወዳለችው ትንሽ ዕጢ ወደ ፒቱታሪ፣ በመጨረሻም ከኩላሊት በላይ ወዳለው ዕጢ ሲወርድ ነው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን የሚለወጠው። በዚህ ሁሉ መንገድ ስንት ነገር ጣልቃ ይገባል! የመሣሪያው ጠቅታ፣ የራስ ቆዳ መቆንጠጡ፣ የደም መቅጃው መርፌ ራሱ ያስደነግጣል፤ ድንጋጤ ደግሞ ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋል። ድምፁ አንድ ሆኖ አንጎልን የማይነካ ማስመሰያ ያልተጠቀመ ጥናት አትመኑ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አታስገቡ። ሴቶች ሲሳተፉ የወር አበባቸውን ቀን መዝግቡ፤ ከሴት ሆርሞኖች ኢስትሮጅን የአንጎልን ንቃት ይጨምራል፣ ፕሮጄስትሮን ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰዓት። ኮርቲሶል ከእንቅልፍ በተነሣን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገደማ ጣሪያ ይነካል፣ እኩለ ሌሊት ግድም ወለል ይወርዳል። በጀማሪነቴ «ይደክመኛል» ያሉ አንዲት እናት ከደጋ ዳሞት መጡ። ወረፋ ሲጠብቁ መሽቶ፣ ደማቸውን የቀዳሁት 12 ሰዓት ላይ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሰዓት አልጻፍኩም። የኮርቲሶሉ ውጤት ዝቅ ብሎ ሲመጣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት ላዝላቸው ብዕር አንስቻለሁ። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ «ስንት ሰዓት ላይ ቀዳህ?» ባይለኝ ኖሮ! አስጠራኋቸው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስደግመው ልኩ ሆኖ ተገኘ። ለእኔ ስሕተት ያን ሁሉ መንገድ ዳግም በእግራቸው መጡ።

መሣሪያው እጃችሁ እስኪገባ ድረስ በምራቅ ጀምሩ፤ ኮርቲሶል በምራቅም ይለካል። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያድሩ መሪጌቶቻችን፣ በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ ወላጆቻችን፣ የእነሱ ጠዋት ከእኛ ጠዋት ጋር አንድ ነው? ሄዳችሁ በትሕትና ፈቃዳቸውን ጠይቁ። በየብልቃጡ ላይም መቼ እንደተኙና መቼ እንደተነሡ ጻፉ።