ዓሣውን ማን አዘነበው?

ጥያቄ፦ የጎንደር ነዋሪ ነኝ። አስማትና ዘንዶ ያለባቸውን የፋንታሲ ልብ ወለዶች አብዝቼ አነባለሁ። በቅርቡ የጃፓናዊውን ደራሲ የሃሩኪ ሙራካሚን «ካፍካ ኦን ዘ ሾር» በእንግሊዝኛ አነበብሁ። አንድ አዛውንት ከድመቶች ጋር ያወራሉ፣ ዓሣ ከሰማይ ይዘንባል፤ ምክንያቱ ግን እስከ መጨረሻው አይነገርም። የሳትሁት ነገር አለ?

መልስ፦ የሳቱት ነገር የለም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ አሳታሚው በከፈተው ድረ ገጽ ከ8,000 በላይ የአንባቢ ጥያቄዎች ጎረፉ፤ ሙራካሚ ከ1,200 ለሚበልጡት ራሱ መልስ ከሰጠ በኋላ እንኳ፣ በመጽሐፉ ውስጥ እንቆቅልሾች እንጂ መፍቻቸው እንደሌለ፣ መፍትሔውም በየአንባቢው ዘንድ የተለያየ መልክ እንደሚይዝ ተናግሯል።

እርስዎ የሚወዷቸው ልብ ወለዶች ለእንግዳው ነገር ሕግ ያበጁለታል፤ አስማተኛው ኃይሉን ከየት እንዳገኘና ምን እንደሚያስከፍለው አንባቢው እያደር ይረዳል። በከተማዎም ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ እንዳዳነው ሲተረክ፣ ሰሚው ላኪውን ስለሚያውቅ «ንቡን ማን ላከው?» ብሎ አይጠይቅም። የሙራካሚ ዓሣ ግን ላኪ የለውም፤ ያስቸገረዎትም ይኸው ይመስለኛል።

ስለዚህ ዓሣውን ትተው ፖሊሱን ይመልከቱ። አዛውንቱ ናካታ ሰው መግደላቸውን ሊናዘዙ ሲመጡ ወጣቱ ፖሊስ አእምሯቸው የታወከ መስሎት ሳይመዘግብ ይሸኛቸዋል፤ እሳቸውም በማግስቱ ዓሣ ስለሚዘንብ ጃንጥላ እንዲይዝ ይመክሩታል። ሰርዲኑና ማኬሬሉ በቶኪዮ ናካኖ ሠፈር ላይ በእርግጥ ሲወርድ ፖሊሱን የሚያስጨንቀው የሰማዩ ነገር ሳይሆን ሰምቶ የናቀው ኑዛዜ ነው። ለእኔ የምዕራፉ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የዓሣው መነሻ ቢብራራ ኖሮ ዓይናችን ከዚህ ሰው ፊት ይነሣ ነበር።

ከፋንታሲ ለሚመጣ አንባቢ ግን መጀመሪያ የምመክረው ሌላ መጽሐፍ ነው፤ የዚሁ ደራሲ «ሃርድ ቦይልድ ዎንደርላንድ ኤንድ ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ወርልድ»፣ እ.ኤ.አ. 1985። ካርታ አለው፤ በግንብ የታጠረች ከተማና ባለ አንድ ቀንድ እንስሳት አሉት፤ ወደ ከተማዪቱ የሚገባ ሰው በር ላይ ጥላው ከገላው ተቆርጦ ይቀራል፤ የከተማዪቱ ምንነትም በመጽሐፉ ውስጥ ይገለጻል። ከለመዱት መንገድ ብዙም ሳይርቁ የሙራካሚን አጻጻፍ ይለማመዱበታል።

ቀጥሎ የሌላውን ጃፓናዊ ደራሲ የኮቦ አቤን «ዘ ዉማን ኢን ዘ ዲውንስ»፣ እ.ኤ.አ. 1962፣ ይያዙ። ነፍሳት ሊሰበስብ የወጣ መምህር ከአሸዋ ጉድጓድ ሥር ባለች ቤት ከአንዲት ሴት ጋር ይታሰርና ቤቷ እንዳትቀበር ሌት ሌት አሸዋ ይዝቃል። አስማት አንድም የለበትም፤ ሆኖም ከብዙ የአስማት መጽሐፍ ይልቅ እንግዳ ነው። ሲያነቡት ሰውየው እንዴት ያመልጣል ከማለት ይልቅ፣ አሸዋውን ለመዛቅ እጁ በየምዕራፉ እንዴት እየለመደ እንደሚሄድ ይከታተሉ።