የአባቴን በሬ ሸጬ ተዝካር ላውጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አባቴ ደምቢያ ገበሬ ነበር። በጥምቀት ሰሞን አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስና ሰው ሲረዳ ነው የኖረው። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ የሚያደርስ እሱ ነበር። ጣናን እምቦጭ ሲወረው ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚነቅልም እሱ ነበር። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ግን «በግብርና ይተዳደሩ ነበር፣ የ7 ልጆች አባት ነበሩ» ተብሎ አለቀ። በጣም ከፋኝ። አጎቶቼ ደግሞ አርባው ዐቢይ ጾም ላይ ስለዋለ ከፋሲካ በኋላ እናድርገው፣ አንዱን የእርሻ በሬ ሸጠን ሰንጋ እንግዛ ይላሉ። ወንድሜ እምቢ ብሏል። ድግስ ካልተደገሰ የአባቴ ነፍስ ትጎዳለች? በበዓል ቀንም እምቦጭ ሲነቅል ይውል ነበር፤ እሱስ ኃጢአት ይሆንበታል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

በሬውን አትሽጡ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ፣ ይህን ግን ለአጎቶችሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ከጥማዱ አንዱ ከተሸጠ ወንድምሽ ሐምሌ ላይ መቀናጆ፣ ማለትም አብሮ የሚጠመድ በሬ፣ ፍለጋ በየደጁ ሊዞር ነው። ልጃቸው በሬ ሲለምን አባትሽ ደስ ይላቸዋል?

ተዝካር ማለት መታሰቢያ ነው። «ዘከረ» ከሚለው ግእዝ የወጣ ነው፣ አሰበ ማለት። ቃሉ ውስጥ ሰንጋ የለም። ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ልጇ የምታደርገው ጸሎተ ፍትሐትና ቅዳሴ ነው። ቤተሰብ በዚያ ላይ ምጽዋት ይጨምራል። በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን፣ ከዚያም በመንፈቅና በሙት ዓመት ይታሰባል። እስራኤልም ለሙሴ 30 ቀን አልቅሰውለታል። ድግሱ ግን ከጊዜ በኋላ «ከማን አንሼ» ገባበት። ለተዝካር ተበድሮ ሦስት ክረምት ዕዳ ሲከፍል የኖረ ሰው አውቃለሁ። ያ ሁሉ ሰው በልቶ ሲወጣ የሚያወራው ስለ ጠላው መቅጠን ነበር።

አርባውን ለሥጋ ብላችሁ አታስተላልፉት። ጾም ዕርድን እንጂ ጸሎትን አይከለክልም። ፍትሐት የማይደረገው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ለዚያ ሳምንትም ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። ስለዚህ በቀኑ ይቀደስ፣ ፍትሐቱም ይደረግ። ዳቦ ይጋገር፣ ንፍሮ ይቀቀል፣ ሽሮ ይሠራ። የደምቢያ ሽምብራ እያለ ማን ያማችኋል! ጌታ ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ ብሏል፤ የሚከፍሉህ ነገር የላቸውምና። አቅመ ደካሞችንና የአብነት ተማሪዎችን አስቀድሙ።

የአብነት ተማሪዎችን ስል አድልቼ ነው፣ አልደብቅሽም። ጎንደር በአታ አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሜ፣ ልማር ከመግባቴ በፊት በየገጠሩ አኩፋዳዬን፣ የለመንኩትን የምይዝበትን፣ አንግቤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ዞሬያለሁ። አንድ ማታ ውሻ ከአጥር ጥግ ያዘኝ። ከእርሻ ገና የገባ ገበሬ ሮጦ ወጥቶ ውሻውን ገሠጸና የራሱን እራት ከፍሎ ሰጠኝ። እጁ ላይ ያለው ጭቃ አልደረቀም ነበር። ስሙን አልጠየቅሁትም። ዛሬ ሳስተምር የምናገረው ቃል በእንደዚያ ዓይነት ሰው እንጀራ የተማርኩት ነው።

የበዓሉን ነገር ጠይቀሻል። ገበሬው በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ብሎ ሞፈር ቀንበር አያነሣም። መልካም ነው። ግን የራስን ማሳ ማረስና ለአገር ብሎ ሐይቅ ውስጥ መቆም ይለያያሉ። ጌታ በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅበት ወዲያው የማያወጣው ማን ነው ብሎ ፈሪሳውያንን ዝም አሰኝቷቸዋል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የዳሩ ሰው ዓሣውንም የከብት ውሃውንም ሲነጠቅ አይተናል። ያ አረም ሥሩ እንደ ጠጉር የተንዠረገገ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ይከብዳል። እስከ ወገብ ገብቶ፣ አልቅቱን ታግሶ እየነቀለ ዳር የሚያወጣ ሰው በዓል ሻረ አልልም። አስቀድሰው ሄደው ከሆነማ እሰየው። (እሑድ የራሳቸውን ጤፍ የሚያጭዱ ጎረቤቶች ካሉሽ ግን ይህን መልስ እንዳታሳዪብኝ።)

ወደ ከፋሽ ነገር ልመለስ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን አንብቢ። ኢዮጴ ላይ ጣቢታ የምትባል ሴት ሞተች፣ ዶርቃ ይሏታል። ጴጥሮስ ሲመጣ የሕይወት ታሪኳን በወረቀት ያነበበለት የለም። መበለቶቹ እያለቀሱ ዙሪያውን ቆሙና የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። ይህን ሰፋችልኝ፣ ይህን አለበሰችኝ ማለታቸው ነው። የአባትሽም ታሪክ እዚያ መንደር በየሰው ቤት አለ። በቃሬዛ ተሸክመዋት ደርሳ የተገላገለችው ሴት ልጇን ይዛ ትምጣ። አብረዋቸው ቃሬዛ የተሸከሙት ጎረምሶች ይናገሩ። አርባው ዕለት ከፍትሐቱ በኋላ ሰውን አስቀምጣችሁ «ምን አደረገልህ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዱ ልጅ ይጻፈው። ቁጡ ከነበሩም ይነገር። ሰው ነበሩና፣ ለዚህም ነው ፍትሐት የምናደርግላቸው።

ገንዘብ ከተረፋችሁ ቃሬዛውን እዩት። ጠፍሩ ላልቶ፣ እንጨቱም ነቅዞ ይሆናል። በሬዎቹም ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ለአንዲት መበለት ማሳ ይዋሉ፤ ከሰንጋው ይልቅ ያ ምጽዋት ይሆንላቸዋል።

አንድ ነገር አትርሺ። ቄሱ በጸሎት የሚጠሩት በክርስትና ስም ነው። ገጠር ላይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የቤት ስማቸውን ስለሆነ፣ የቀኑ ዕለት መሯሯጥ ይመጣል። ከእናትሽ ወይም ከንስሐ አባታቸው አሁኑኑ ጠይቀሽ ጻፊው። ለእኔም ላኪልኝ፣ በቅዳሴ አስባቸዋለሁ። ቃሬዛውን ማን እንደተረከበም ንገሪኝ።