ባለ 8 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ለሚጭን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ዊንዶውስሽን ሳትነኪ የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣውን ሲስተም የምትሞክሪበት ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) በቨርቹዋልቦክስ (ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ በሚፈጥር ፕሮግራም) ጭነሻል፤ ማሽኑን ስታስነሺው ግን 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕሽ ስታክ ያደርጋል። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ተከራይቼ ስኖር በእንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ።

ለማሽኑ የሰጠሽው 4 ጊጋ ራም በዝቷል። ዴስክቶፑን ኡቡንቱ ተዪና ሰርቨሩን ጫኚ፤ መስኮት የሚባል ነገር ስለሌለው 2 ጊጋ ለሙከራ ይበቃዋል። ኮዱን ዊንዶውስ ላይ ጻፊ፣ ወደ ማሽኑ በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በጽሑፍ ትእዛዝ መግቢያ) ግቢ። ኔትወርኩ ናት (NAT፣ ማሽኑ በላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚጠቀምበት ምርጫ) ላይ ይሁን፤ ፖርት ፎርዋርዲንግ ላይ የላፕቶፑን ፖርት 2222 ወደ ማሽኑ ፖርት 22 (ኤስኤስኤች የሚገባበት) ምሪው።

አደራ የምልሽ ስናፕሾት ነው፤ ማሽኑ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ይዞ ኋላ የሚመልስሽ ማለት ነው። አፕዴቱንና ፖስትግሬሱን (ዳታቤዙን) ጭነሽ እንደጨረስሽ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳታስገቢ፣ ማሽኑን አጥፍተሽ ስናፕሾት ያዢ። ሙከራው ሲበላሽ በደቂቃ ትመለሻለሽ፤ ፓኬጁን እንደገና ማውረድ ቀረ። የዳታ ካርድ እየሞላን ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስናፕሾት ግን ባካፕ (ሌላ ቦታ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። አንድ ክረምት ሲ ድራይቩ ሞላብኝ። የማሽኑን ፎልደር ስከፍት ስሙ ዝም ብሎ ቁጥርና ፊደል የሆነ፣ 11 ጊጋ የያዘ ፋይል አገኘሁ። ትርፍ መስሎኝ አጠፋሁት፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግኩ። ማታ ማሽኑ አልነሳ አለ። ለካስ ስናፕሾት ከተያዘ በኋላ ዋናው የዲስክ ፋይል አይነካም፤ አዲሱ ሁሉ የሚጻፈው በዚያ ፋይል ላይ ነው። ኮዱ ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ላይ ስለነበር ተረፈ፣ የሦስት ሳምንት የሙከራ ዳታ ግን ሄደ። በጣም አዝኜ ነበር። ስለዚህ ስናፕሾት የምታጠፊው ከራሱ ከቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ዳታቤዙንም ማታ ማታ በፒጂ ደምፕ (በፖስትግሬስ የራሱ ቅጂ ማውጫ) አውጥተሽ ፍላሽ ላይ ገልብጪ።

መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ ማሽኑን ወዲያው ሴቭ ስቴት (ባለበት ሁኔታ አስቀምጦ ማቆም) አድርጊው። ራሙን ዲስክ ላይ ስለሚጽፈው 2 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ ይኑርሽ።

ሥራሽ ቀጠሮ ስለሆነ ሰዓቱንም እዪ። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ነው፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ። ጠዋት 2 ሰዓት (በፈረንጅ 08:00) የያዝሽው ቀጠሮ ዳታቤዙ ውስጥ 05:00 ሆኖ ቢታይሽ አትደንግጪ፤ ሰዓቱንም ለመቀየር አትቸኩዪ። ሲስተሙ ወደፊት የሚቀመጥበት ሰርቨር በምን ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቂና መሞከሪያሽን ከዚያ ጋር አንድ አድርጊው። ማሽኑ ካልተነሳልሽ የሚያሳይሽን ኤረር እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።