ለስኳር ሕመምተኛ እናትዎ ስለታዘዘው የእግር ዶፕለር

ጠያቂያችን፣ የስኳር ሕመም ላለባቸው እናትዎ የእግር ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ የአልትራሳውንድ ምርመራ) መታዘዙን ገልጸው፣ ምርመራው ጨረር እንዳለውና ያለ መርፌ የሚገኝ ውጤት የሚታመን መሆኑን ጠይቀዋል። እዚህ ጎንደር በአልትራሳውንድ ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍል።

ጨረር የለውም። መሣሪያው የሚልከው ጆሮ የማይሰማውን የድምፅ ሞገድ ነው። ሞገዱ ከሚፈስሱት ቀይ የደም ሕዋሳት ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፤ ደሙ ወደ መሣሪያው ሲመጣ ከፍ፣ ሲርቅ ዝቅ ይላል። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ይህን እ.ኤ.አ. በ1842 ሲያስረዳ ያነሣው የከዋክብትን ብርሃን እንጂ ደምን አልነበረም። ልዩነቱ ጆሮ በሚሰማው መጠን ስለሆነ፣ እናትዎ በምርመራው ጊዜ የሚሰሙት «ሹፍ ሹፍ» የሚል ድምፅ የገዛ ደማቸው ፍሰት ነው።

መታመኑ ግን ከማሽኑ ይልቅ በመርማሪው እጅ ላይ ያርፋል። ሞገዱ የደም ሥሩን በ90 ዲግሪ ከመታው፣ ደሙ እየፈሰሰም ቢሆን ፍሰት ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ፍጥነት ስንለካ ማዕዘኑ ከ60 ዲግሪ እንዳይበልጥ እንጠነቀቃለን። በስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ቀለም አይተው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው፤ ሰማያዊ መሆኑ የፍሰቱን አቅጣጫ ብቻ ያመለክታል።

በጤናማ የእግር ደም ቅዳ ውስጥ ደሙ በእያንዳንዱ የልብ ምት ወደፊት ይገፋል፣ ጥቂት ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ወደፊት ይሄዳል። የደም ሥሩ በጣም ከጠበበበት ቦታ በታች ግን ወደኋላ መመለሱ ጠፍቶ በስክሪኑ ላይ አንድ ዝቅ ያለ ጉብታ ብቻ ይቀራል። የውጤቱ ወረቀት ይህን የፍሰቱን የሞገድ ቅርጽ ካልጠቀሰ እኔ ጎደለ እላለሁ።

የቁርጭምጭሚት ግፊትም ከተለካ፣ በክንድ ግፊት ተካፍሎ ከ0.9 በታች መሆኑ መጥበብን ያመለክታል። በስኳር ሕመምተኞች ላይ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ በካልሲየም ስለሚደርቅ ግፊት መለኪያው ሊጨምቀው አይችልም፤ በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ከወጣ «ደህና ናቸው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ያን ጊዜ የእግር ጣት ግፊት እንዲለካ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ብርድ የእግር የደም ሥሮችን ስለሚያኮማትር፣ በክረምት ጠዋት ከአዘዞ በታክሲ መጥተው ወዲያው ከሚገቡ ካልሲ አድርገው ቀድመው ይድረሱና ይረፉ። እግራቸው በድንገት ቀዝቅዞ ከገረጣና ከታመማቸው፣ ወይም ጣታቸው ከጠቆረ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።