«ከባንክዎ ነው የምንደውለው» ለሚሉ የማሽን ጥሪዎች ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የተጭበረበሩ የባንክ ደንበኞችን አቤቱታ ማጣራት ነው። በማሽን ድምፅ እየደወሉ ባንክ ነን ስለሚሉ ሌቦች የጠየቃችሁኝን ከሥር ከሥር እየመለስኩ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ የወጣው የባንኩ ቁጥር ራሱ ነው። ስሙም ጭምር ወጥቷል። እንዴት ውሸት ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ስክሪንህ ላይ የምታየውን ቁጥር የሚልከው የደዋዩ ወገን ነው። በኢንተርኔት በኩል የሚደውል ሰው የፈለገውን ቁጥር ሊያስመስል ይችላል። ስሙን ያወጣው ደግሞ ያንተው ስልክ ነው፤ ቁጥሩን «ባንክ» ብለህ ስለመዘገብከው። አጭር መልእክትም ያው ነው። ሌባው በላኪው ቦታ የባንኩን ስም ከጻፈ፣ ስልክህ መልእክቱን ከእውነተኞቹ ጋር አንድ ላይ ይደረድረዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች የደዋዩን ቁጥር በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ ተገድደዋል። ጥሪዎቹ ግን ዛሬም አልቆሙም።

ጥያቄ፦ «ይህን ክፍያ የፈጸሙት እርስዎ ካልሆኑ 1ን ይጫኑ» አለኝ። ተጫንኩና ወዲያው ዘጋሁት። ጉድ ሆንኩ?

አልሆንሽም። 1 መጫን ብቻውን ገንዘብ አያስወጣም። ቁጥርሽ እንደሚሠራና እንደምታነሺ ግን አውቀዋል፤ ስለዚህ ደግመው ቢደውሉ እንዳይገርምሽ። ማሽኑ ወንፊት ነው። ለብዙ ሺህ ሰው ይደውላል፣ የደነገጡትን ለይቶ ለሌባው ያቀብላል። «ዳግም እንዳንደውል 2ን ይጫኑ» ቢልሽም አትጫኚ።

ጥያቄ፦ ደዋዩ ስሜን ያውቃል። የካርዴን የመጀመሪያ ቁጥሮችም በትክክል አነበበልኝ። ከባንኩ ሌላ ይህን ማን ያውቃል?

ብዙ ሰው። ስምና ስልክ ከተዘረፉ የደንበኞች መዝገቦች ይገኛል። የካርዱ ነገር ደግሞ ቀላል ብልጠት ናት። የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 8 አኃዞች የሚያመለክቱት ካርዱን የሰጠውን ባንክ ነው። አንድ ዓይነት ካርድ የያዙ የዚያ ባንክ ደንበኞች ሁሉ ይጋሯቸዋል። እሱ እነሱን ያነብልሃል፣ አንተ «አዎ ልክ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ...» ብለህ ትሞላለታለህ። ራስህ ነህ የነገርከው።

ጥያቄ፦ የመጣልኝ ኮድ ግን ከባንኩ ነው፤ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። እውነተኛ ኮድ ከመጣ ጥሪው እንዴት የውሸት ይሆናል?

ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ሌባው የይለፍ ቃልሽን አስቀድሞ አግኝቷል እንበል። የባንኩን አፕ ከፍቶ በስምሽ ለመግባት ይሞክራል። ባንኩም ማንነትሽን ሊያረጋግጥ ኮድ ይልካል፤ ላንቺ። ልክ በዚያው ደቂቃ ማሽኑ ይደውልልሻል። «በሒሳብዎ ላይ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ አይተናል። ለማገድ አሁን የደረስዎትን ኮድ ያስገቡ።» ስልክሽ ጢን ይላል፣ ኮዱ ገባ። ሁሉም ነገር ገጠመ! ቁጥሮቹን ስትጫኚ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው፤ የሌባው ማሽን ድምፁን ወደ ቁጥር ይመልሳል። ኮዱ የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ለነሱ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ኮዱ እውነተኛ ነው። ያስላከው ግን ሌባው ነው። መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደተላከና ለማንም እንዳይነገር እዚያው ተጽፏል። ክፍያ ለማገድ ተብሎ ኮድ የሚጠይቅ ባንክ የለም። ማገድ ከፈለገ ራሱ ያግዳል።

ጥያቄ፦ እውነት ባንኩ ቢሆንስ? መዝጋት ነውር አይሆንም?

ጆሮው ላይ ዝጉበት፣ አባቴ። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ አይቀየምም። ከዚያ ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። ያመለጠውን ጥሪ ተጭነው መልሰው አይደውሉ፤ ማሽኑ የነገርዎትን ቁጥርም አይጠቀሙ። የደወሉልዎት በቤት ስልክ ከሆነ ደግሞ በሌላ ስልክ ይደውሉ። በአንዳንድ የድሮ መስመሮች ደዋዩ ካልዘጋ ጥሪው ቶሎ አይቋረጥም። እርስዎ ባንክ የደወሉ ሲመስልዎት ያው ሌባ መስመሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ኮከብ ኮከብ 21 ብዬ የሆነ ቁጥር እንድደውል አዘዘኝ። ምንድን ነው?

የጥሪ ማስተላለፊያ ነው። ከደወልክ ላንተ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ ወደ እሱ ስልክ ይዞራል፤ ባንኩ ሊያስጠነቅቅህ ቢደውል እንኳ የሚያነሳው እሱ ነው። ደውለህ ከሆነ በአብዛኞቹ የሞባይል መረቦች ##002# ሁሉንም ማስተላለፍ ይሰርዛል።

ጥያቄ፦ ገንዘቤን ወደ «አስተማማኝ ሒሳብ» አዛውር ቢሉኝስ?

እንዲህ የሚባል ሒሳብ የለም። ዝጋ።

ጥያቄ፦ የማሽን ድምፅ ደረቅ ስለሆነ ይለያል አይደል?

ድሮ ነበር። አሁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራ ድምፅ ይተነፍሳል፣ «እ...» ይላል፣ ጥያቄም ይመልሳል። በድምፅ አትለዩ። ምን እየጠየቀህ ነው? እየተጣደፈ ነው? «ዘግቼ ራሴ ልደውል» ስትለው ይከለክልሃል? እኔ የማየው እነዚህን ነው። «አዎ» ካልክ ድምፅህን ቀድተው ሒሳብህን ያራቁቱታል የሚለው ወሬ ግን ብዙም አያሳስበኝም። ከዚያ ይልቅ ኮዱ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ አለቀልኝ፤ ኮዱን ሰጥቻለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ባንኩ ጋ ደውዪ። ካርዱንና የሞባይል ባንኪንጉን እንዲያግዱ ንገሪያቸው። የወጣ ገንዘብ ካለ ወደ ተቀባዩ ባንክ ቶሎ እንዲያሳውቁ ጠይቂ፤ ሌባው ካላወጣው ሊያዝ ይችላል። እዚህ ላይ ደቂቃ ዋጋ አላት። ቀጥሎ የይለፍ ቃልሽን ቀይሪ፣ የኢሜይልሽንም ጭምር። ስልክሽን ከሩቅ የሚቆጣጠር አፕ አስጭነውሽ ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አጥፊና የይለፍ ቃሉን ከሌላ ስልክ ቀይሪ። የጥሪውን ሰዓት፣ ቁጥሩንና መልእክቶቹን አታጥፊ፤ ፖሊስም ባንኩም ይፈልጉታል። አፍረሽ ዝም አትበዪ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «የተዘረፈ ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ» የሚል ሊደውልልሽ ይችላል። የተታለሉ ሰዎች ስም ዝርዝር በሌቦች መካከል ይሸጣል። እሱንም ዝጊበት።