ሁለቱንም አትስሚ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሕግ ተምሬ በአንድ የጥብቅና ቢሮ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ክፍል ውስጥ ቦታ ተገኝቶልኛል፤ ደመወዙ ግን አሁን ከማገኘው ያንሳል። ጓደኞቼ «ጄኔቫ ስትመላለሺ ልትኖሪ ነው» ይሉኛል። አባቴ ደግሞ «ችሎት የማይቆም ጠበቃ ምኑን ጠበቃ ሆነ?» ይላል። ማንን ልስማ?
ግራ የገባት

መልስ፦ ሁለቱንም አትስሚ።

እዚያ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ። የዓለም ንግድ ድርጅት ጄኔቫ ነው፣ ስብሰባም አይጠፋም። ግን ቀድመው የሚበሩት አለቆችሽ ናቸው። አንቺ ቢሮ ሆነሽ ማታ ስልክ እየተደወለ «ያ አንቀጽ ስንት ነበር?» ትባያለሽ።

ዋናው ሥራ ቃል ነው። አንዴ በአንድ ድርድር ላይ አንዲት ግስ ይዘን እኩለ ሌሊት አለፈን። እኛ «አገሮቹ ያሳውቃሉ» ይባል አልን፣ እነሱ «ለማሳወቅ ይጥራሉ» ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። ለሌላ ሰው ቀልድ ይመስላል። ግን «ያሳውቃሉ» ብሎ የፈረመ ሳያሳውቅ ቢቀር ይከሰሳል፤ «ይጥራሉ» ያለው ግን «ሞክሬ አልሆነልኝም» ቢል ማን ምን ያደርገዋል?

ከሒሳብ ሸሽተሽ ሕግ የገባሽ ከሆነ ደግሞ ችግር ነው። የፀረ-ዳምፒንግ ጉዳይ ውሰጂ፤ ማለትም በአገሩ ከሚሸጥበት ዋጋ አንሶ ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ የሚደረግ ምርመራ። አንድ ፋብሪካ ዕቃውን በአገሩ በ100 እየሸጠ ወደ ውጭ በ80 ይልካል እንበል። ልዩነቱ ስንት በመቶ ነው? እኔ በመጀመሪያ ሳምንቴ 20 ብዬ ጽፌ አለቃዬ ወረቀቱን ምንም ሳይናገር መለሰልኝ፤ የሚካፈለው ለኤክስፖርት ዋጋው፣ ለ80 ነው፣ ስለዚህ 25 ይሆናል። ደግሞ ይህ ቀላሉ ነው። ማጓጓዣው፣ ቅናሹ፣ የክፍያ ጊዜው ሁሉ እየተቀነሰ ሁለቱ ዋጋዎች እኩል ደረጃ ላይ መምጣት አለባቸው፣ በመጨረሻ ልዩነቱ ከ2 በመቶ ካነሰ ምርመራው ይዘጋል፣ ካላነሰም የአገር ውስጥ አምራቹ የተጎዳው በዚያ ዕቃ ምክንያት መሆኑ ገና መረጋገጥ አለበት። ይህ ሁሉ በተለምዶ በዓመት፣ ቢበዛ በ18 ወር ማለቅ አለበት። እኔ ኤክሴልን የለመድኩት እዚያ ነው፣ ወድጄ አይደለም።

ለአባትሽ ደግሞ ክርክርም አለ በያቸው። በድርጅቱ ውስጥ ከሳሹ አገር መጀመሪያ ምክክር ይጠይቃል፣ በ60 ቀን ካልተስማሙ ፓናል፣ ማለትም ጉዳዩን የሚመረምር የባለሙያዎች ቡድን፣ እንዲቋቋም መጠየቅ ይችላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካ የአዳዲስ አባላትን ሹመት ስላገደች ይግባኝ ሰሚው አካል እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ሽባ ሆኗል፣ ስለዚህ የተሸነፈ አገር ይግባኝ ብሎ ጉዳዩን አየር ላይ አንጠልጥሎት መሄድ ይችላል። ከ2020 ወዲህ የተወሰኑ አገሮች የራሳቸውን ጊዜያዊ የይግባኝ ግልግል አቋቁመዋል፣ ሁሉም ግን አልገቡበትም።

በዚህ ምክንያት አብዛኛው ጊዜሽ የሚያልፈው ለራሳችን ባለሥልጣናት ምክር በመስጠት ነው። አንድ ባለሥልጣን «ይህን ዕቃ ነገውኑ እናግድ» ይላል፤ አንቺ «አይቻልም» ብለሽ ከወጣሽ ሁለተኛ አይጠራሽም። «እንደዚህ ብናደርገው ግን ያስኬዳል» ማለት ስትለምጂ ነው ባለሙያ የምትሆኚው።

ደመወዙ ያንሳል፣ እውነት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ይህን ልምድ የሚፈልጉ የግል ቢሮዎች አይጠፉም።

አሁን አንድ የፓናል ሪፖርት ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርጂ፣ በነፃ ነው። ብዙዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች አሏቸው። ገጽ 40 ላይ እንቅልፍ ከወሰደሽ ያለሽበት ይሻልሻል። ከግርጌ ማስታወሻዎቹ ጋር መጨቃጨቅ ከጀመርሽ ግን ማመልከቻሽን ዛሬውኑ አስገቢ።