ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ

ባለፈው ሳምንት፣ የነርስነት ሥራ ገና የጀመረ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ለ15 ወር ያለ ወለድ የሚል ክሬዲት ካርድ ተልኮልኛል፤ ልውሰደው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይቼባት የነበረችውን ባለ አንድ መኝታ ቤት ስላስታወሰኝ ወዲያው አልመለስኩለትም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ «በ12 ወር ተከፍሎ ካለቀ ወለድ የለውም» በሚል የመደብር ካርድ የ2,400 ዶላር ሶፋ ገዛሁ። እናቴ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ ጫፍ ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠችና ዋጋውን ጠየቀችኝ። ያለ ወለድ በዱቤ እንደወሰድኩት ስነግራት «ያለ ወለድ የሚያበድር ዘመድ ነው፤ እነዚህ ምንህ ናቸው?» አለችኝ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝና ሳቅሁባት።

በየወሩ 180 ዶላር ስከፍል ቆይቼ ለመጨረሻው ወር 420 ዶላር ቀረኝ። ገንዘቡ በእጄ ነበር፤ ነገር ግን የዕቁብ መክፈያዬ ከዚያው ሳምንት ጋር ስለገጠመና ቢሉ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ክፍያ 25 ዶላር ብቻ ስለነበረ፣ እንደ ልማዴ 180 ልኬ 240ውን አሳደርኩት። በሚቀጥለው ቢል ላይ ከ300 ዶላር የሚበልጥ ወለድ ተደምሮ መጣ። ለካ ወለዱ ሶፋውን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ በ24 በመቶ ሲጠራቀም ኖሯል። ውሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳነበው በሁለተኛው ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በተመሳሳይ ካርድ ፍራሽ ስትገዛም፣ «የሰው ሒሳብ የሚሠራው ሰው ተሸወደ» እንዳልባል ብዬ ዝም አልኩ። እሷ የከፈለችው ከእኔም በላይ ነበር።

ለወጣቱ የነገርኩት ልዩነቱን ነው። በብዙዎቹ የባንክ ካርዶች የ0 በመቶው ጊዜ ሲያልቅ ወለድ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ሲሆን፣ በብዙ የመደብር ካርዶች ግን ጥቂት ዶላር እንኳ ከቀረ ወለዱ ወደ ኋላ ሄዶ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ የወለድ ቅናሹ ቢያንስ 6 ወር እንዲቆይ ቢያስገድድም፣ ይህን አሠራር አልከለከለም። የሌላ ካርድ ዕዳ ወደ አዲሱ ሲዛወርም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቆረጣል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ክፍያውን በስልካቸው አውቶማቲክ ያደርጉትና የሚከፈለው ዝቅተኛው ብቻ መሆኑን ሳያዩ ዓመት ያልፋል።

እንዲህ እያልኩ እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት የመኪናዬን ሞተር ያሠራሁት በ0 በመቶ ካርድ ነው፤ ዕዳውን ለወሮቹ አካፍዬ፣ ቀነ ገደቡ ሁለት ወር ሲቀረው ጨረስኩት።

ወጣቱን ደብዳቤውን ሙሉውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። የላከልኝ የፊተኛውን ገጽ ፎቶ ብቻ ነው።